ከሺሺንዳ አፈር ሥር፦ የብሪጅማናይት ታሪክ

ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ሚዛን የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በሺሺንዳ ሲያልፍ ግራ ቀኙ ደን፣ ቡና፣ እንሰትና ኮረሪማ ነው። መንገዱ ኮረብታውን ቆርሶ ባለፈበት ሁሉ የሚታየው አፈር ቀይና ጥልቅ ነው። ይህ አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት በረጅም ዘመን ዝናብና ሙቀት ተበልቶ የሆነው ነው። ዩኔስኮ በ2010 ወደ 760,000 ሄክታር የሚጠጋውን የካፋ መሬት በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ዋናው ምክንያት ደኑና በውስጡ በዱር የሚበቅለው ቡና ነበር። ደኑን የተሸከመው ዓለት ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክም የሚጀምረው ቡናው ሥር ከሚደርስበት እጅግ ርቆ፣ በመቶዎችና በሺዎች ኪሎ ሜትር ጥልቀት ነው።

በዚያ ጥልቀት ያለውን የምድር አካል በብዛት የሞላው አንድ ማዕድን ነው። ስሙ ብሪጅማናይት ይባላል። ከምድራችን ጠቅላላ ይዘት 38 በመቶ ያህሉ እርሱ እንደሆነ ይገመታል፤ ከዚህ የበለጠ የበዛ ማዕድን በምድር ላይ የለም። ሆኖም ሰው ይህን ማዕድን በተፈጥሮ መልኩ መርምሮ በስም ሊመዘግበው የቻለው ከምድር ቆፍሮ አውጥቶ አይደለም። የተገኘው ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ፣ በሜትሮራይት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ግኝት እንዴት እንደተደረሰበትና ከካፋ ደጋ፣ ከኢትዮጵያም ምድር ጋር ምን እንደሚያገናኘው መዛግብቱን ተከትሎ ይተርካል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦንጋ የገባው መሬት ለኪ

የካፋን ምድር በመሣሪያ ለመለካት አስቦ ከገባው የውጭ ሰው መነሳት ይገባል። አንትዋን ዳባዲ በ1810 በደብሊን የተወለደ ፈረንሳዊ ነበር። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደና አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆየ። በ1843 በሊሙ እናርያው ንጉሥ በአባ ባጊቦ ዘመን ወደ ደቡብ ዘልቆ ካፋ ገባ፤ ቦንጋም ደረሰ። ከአባ ባጊቦ ወደ ካፋ ንጉሥ ከሚሄዱት የጋብቻ መልእክተኞች ጋር ስለተጓዘ ነበር መግቢያ ያገኘው። ካፋ በዚያ ዘመን በኬላና በጉድጓድ የታጠረ ራሱን የቻለ መንግሥት ስለነበር፣ እንግዳ በፈቀደው ሰዓት የሚገባበት አገር አልነበረም።

ዳባዲ በኢትዮጵያ ቆይታው ከተራራ ተራራ በአንግል መለኪያ እያየ፣ ውኃ በየከፍታው የሚፈላበትን ሙቀት እየመዘገበ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ደቡብ ምዕራብ ያለውን አገር ለካ። ውጤቱን ከ1860 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የምድር ልኬት በሚያትተው ሥራው አሳተመ። በግዕዝ ብራና መጻሕፍት ሰብሳቢነቱና በ1881 ባወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚገናኘው ግን ሌላው ሥራው ነው።

ዳባዲ ወደ አገሩ ተመልሶ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ በኦንዳይ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር በላይ ባለ ገደል ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ሠራ። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎችና የአማርኛ ጽሑፎች ይታያሉ። በዚያ ቤት አጠገብ ረጅም ቁመት ያለው ግንብ መሣሪያ አቆመ፤ ከሥሩ የሜርኩሪ ገንዳ አኑሮ ከላይ የሚወርደውን ብርሃን ነጸብራቅ ለዓመታት ይመለከት ነበር። ዓላማው ወደ ታች የሚወርደው ቀጥተኛ መስመር ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ማለትም ከእግራችን ሥር ያለው ምድር በእውነት የጸና እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ በ1872 ጽፏል። ውጤቱ በዘመኑ ሙሉ መልስ ባይሰጥም ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ የቦንጋን ከፍታ የለካው ሰው የምድርን ውስጥ ለማወቅ በስሱ መንቀጥቀጦቿ በኩል መሞከሩ ሳይንሱ በኋላ የሄደበት መንገድ ነው። ዳባዲ በ1897 አረፈ፤ በዚያው ዓመት የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ።

ዓለቱን ያነበቡት ሰዎች

የኢትዮጵያን ደጋ ዓለት በሥርዓት የመዘገበው የመጀመሪያው የጂኦሎጂ ባለሙያ የመጣው ከጦር ጋር ነው። እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ሰዎች ለማስፈታት በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ዊሊያም ብላንፎርድ ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ከባሕር ወደ ደጋ ሲወጣ እርከን በእርከን የተነባበረውን ባዛልት የተባለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት አየ። የታችኛውን በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን በመቅደላ አምባ ስም ጠራው። መጽሐፉ በ1870 ታተመ፤ የሰጣቸው ስሞችም ከመቶ ዓመት በላይ በጂኦሎጂ ካርታዎች ላይ ቆይተዋል።

ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ ቀስ በቀስ ወደ አገር ውስጥ ተቋም ገባ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ አቋቋመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖል ሞር የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ የሚያስተምረውን መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ አሳተመ። ጉዋን ደግሞ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻዎችና የመሣሪያ መዝገቦችን አስተያይቶ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 አወጣ። የገዳማት ዘጋቢ ‹‹ምድር ተናወጠች›› ብሎ ያሰፈረው አንድ መስመር በእርሱ እጅ ለሳይንስ የሚያገለግል ማስረጃ ሆነ። ይህ ሥራ የታሪክ ምሁርና የተፈጥሮ ተመራማሪ በአንድ መዝገብ ላይ ሊሠሩ እንደሚችሉ በአገራችን የታየበት ታላቅ ምሳሌ ነው።

ደቡብ ምዕራቡ ዘግይቶ ነው የተጠናው። በ1970ዎቹ የኦሞ ወንዝ ፕሮጀክት የተባለው የካርታ ሥራ በኢትዮጵያና በካናዳ ትብብር ተካሄደ፤ ውጤቱ በ1983 ታተመ። ከካፋ እስከ ጅማ ደጋውን የሸፈነው የባዛልትና ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ዓለት ድርብርብ የጅማ እሳተ ገሞራ ዓለቶች በሚል ስም ይታወቃል። ዕድሜው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይደርሳል።

በ1997 ሆፍማንና ባልደረቦቿ፣ በመካከላቸውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ፣ የሰሜኑ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳዩ። በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው እሳተ ገሞራ ከዚህ ቀድሞ፣ ከ45 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደጀመረ ገለጹ። ያን ያህል ቅልጥ ዓለት ከየት መጣ? ያንን ለመመለስ ስለ ምድር ጥልቅ አካል ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ የዚያ ዕውቀት ቁልፍም በአውስትራሊያ በረሃ ወድቆ ነበር።

የቴንሃም ድንጋይ

በ1879 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ቴንሃም በተባለ የከብት እርባታ አካባቢ፣ ሰማዩ በሌሊት በብርሃን ተሞልቶ ድንጋይ ዘነበ። የወደቀበት ዕለት በትክክል አልተመዘገበም። ድንጋዮቹ ግን ተለቅመው ተቀመጡ፤ አብዛኞቹም በኋላ ለንደን ወደሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1937 የሙዚየሙ የማዕድን ሊቅ ኤል ጄ ስፔንሰር ታሪካቸውን አሰባስቦ ጻፈ። በዚያ ዘመን ከሌሎች ተራ የሰማይ ድንጋዮች የሚለያቸው ነገር ብዙም አልታየም። በድንጋዩ ውስጥ ያለፉት ቀጫጭን ጥቁር ደም ሥር መሰል መስመሮች ምን እንደያዙ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ድንጋዩ ወደ ምድር ከመምጣቱ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት፣ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አስትሮይዶች ሁለቱ ተጋጭተው ነበር። በግጭቱ ቅጽበት በመስመሮቹ ውስጥ የነበረው ግፊት ከከባቢ አየራችን ግፊት 240,000 እጥፍ ያህል ሆነ፤ ሙቀቱም ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ወጣ። ይህ በምድር ውስጥ በ660 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ካለው ሁኔታ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ ድንጋዩ ፈጥኖ ቀዘቀዘ። በዚህም ምክንያት በምድር ጥልቀት ብቻ ሊኖሩ የሚገባቸው ማዕድናት ወደ ቀድሞ መልካቸው ሳይመለሱ በዚያው ተይዘው ቀሩ።

ይህን አስቀድሞ በሐሳብ ያየው አውስትራሊያዊው ቴድ ሪንግዉድ ነው። ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን በከፍተኛ ግፊት ወደ ጠበቀ ክሪስታል እንደሚለወጥ ተከራከረ፤ በ1966 ከአለን ሜጀር ጋር በካንቤራ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያንኑ ሠርቶ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ አር ኤ ቢንስና ባልደረቦቹ ተፈጥሯዊውን በቴንሃም ድንጋይ ውስጥ አገኙት። ሪንግዉዳይት ብለው ሰየሙት። ቦታው በምድር ውስጥ ከ525 እስከ 660 ኪሎ ሜትር ባለው ክፍል ነው። በ1983 ደግሞ ከእርሱ በላይ ባለው ጥልቀት የሚገኘው ዋድስሌይት ካናዳ ከወደቀው የፒስ ሪቨር ሜትሮራይት ተመዘገበ።

አርባ ዓመት ያለ ስም

ከ660 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ዋናው ማዕድን ግን ስም አልነበረውም። ሊን-ጉን ሊዩ በ1974 በካንቤራ፣ በሁለት አልማዞች መካከል ጥቂት ናሙና ጨምቆና አግሎ፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን በዚያ ግፊት ምን ዓይነት ክሪስታል እንደሚሠሩ አሳየ። ከዚያ ጀምሮ ሊቃውንት የታችኛው ማንትል፣ ማለትም ከ660 ኪሎ ሜትር በታች እስከ ምድር እምብርት ያለው የዓለት ክፍል፣ አብዛኛው ከዚህ እንደተሠራ ተስማሙ። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር ሕግ ጥብቅ ነው፦ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነገር የማዕድን ስም አይሰጠውም፤ በተፈጥሮ ተገኝቶ፣ ይዘቱና የክሪስታል አቀማመጡ ተመርምሮ ነው የሚመዘገበው። በዚህም የተነሳ የምድር እጅግ የበዛው ማዕድን አርባ ዓመት የራሱ የማዕድን ስም ሳይኖረው ቆየ።

ከምድር አውጥቶ መመርመሩ አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀልለትና ወደ ሌሎች ማዕድናት ይለወጣል። የሰው ልጅ የቆፈረው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ ቴንሃም ድንጋይ ተመለሰ። በ1997 ጃፓናውያኑ ናኦታካ ቶሚዮካና ኪዮሺ ፉጂኖ ማዕድኑ በዚያ ድንጋይ ውስጥ እንዳለ ምልክቱን አገኙ። የሚያዩበት የኤሌክትሮን ጨረር ግን ክሪስታሉን እያዩት ያፈርሰው ስለነበር ለስም የሚያበቃ ሙሉ ማስረጃ ማቅረብ አልተቻለም።

የላስ ቬጋሱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኦሊቨር ቻውነርና የካልቴኩ ቺ ማ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሌላ መንገድ ሞከሩ። ከቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የአርጎን ቤተ ሙከራ ባለው ሲንክሮትሮን፣ ማዕድኑን የማያፈርስ ቀጭን የኤክስ ጨረር ተጠቀሙ። የሚፈልጉት ቅንጣት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ የሚያንስ ነበር። አምስት ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላ ይዘቱንም አቀማመጡንም አረጋገጡ። ማኅበሩ ስሙን በሰኔ 2014 አጸደቀ፤ ጥናቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት ወጣ። ስሙ የተሰጠው ለፐርሲ ብሪጅማን መታሰቢያ ነው። እርሱ ቁስ አካል በከፍተኛ ግፊት ምን እንደሚሆን በማጥናቱ የ1946ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘ የሃርቫርድ ሊቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ቴንሃም ላይ ድንጋዩን ያነሱት ሰዎች ስለ ምድር ማንትል አያውቁም ነበር፤ ስፔንሰርም በ1937 ሲጽፍ ብሪጅማናይትን አላሰበም። ሁሉም ያደረጉት ድንጋዩን ከነታሪኩ ማቆየት ነው። ድንጋዩ ከወደቀ ከ135 ዓመት በኋላ የመጣው ግኝት የቆመው በዚያ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ሥር እስከ ኢትዮጵያ

የምድርን ውስጥ የምናውቅበት ሌላው መንገድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። ጠላ ጠማቂ ጋኑ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ አንኳኩታ ከድምፁ እንደምትለየው፣ ተመራማሪዎችም ሞገዱ በምድር ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥንበትንና የሚዘገይበትን ስፍራ ይለያሉ። በጋለ ዓለት ውስጥ ሞገድ ይዘገያል።

በ1999 የሩን ሪትሰማና ባልደረቦቹ ከደቡባዊ አፍሪካ ሥር፣ ከምድር እምብርት ድንበር ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወጣ ግዙፍ የዘገየ ሞገድ ስፍራ እንዳለ አሳዩ። ድንበሩ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ከ2000 እስከ 2002 በአንድሩ ናይብሌድ የተመራው ጥናት በኢትዮጵያ የሞገድ መመዝገቢያዎችን ተከለ፤ ቀጥሎም ‹‹ኢግል›› የተባለው ሰፊ ፕሮጀክት ስምጥ ሸለቆውን መረመረ። በሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል፤ ጉዋን የመሠረተው ተቋም የሥራው ማረፊያ ነበር። ከኢትዮጵያ ሥር ያለው የጋለ ስፍራ ቢያንስ ከ400 ኪሎ ሜትር በታች እንደሚዘልቅ ታየ።

ከጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣው ይህ የጋለ ዓለት ዓምድ አንድ ነው ወይስ ከአንድ በላይ? በዚህ ላይ ክርክሩ አላለቀም። የደቡቡ እሳተ ገሞራ ከሰሜኑ በ15 ሚሊዮን ዓመት መቅደሙን የሚያነሱ ተመራማሪዎች ሁለት ዓምዶች ነበሩ ይላሉ፤ ሌሎች ከደቡብ የሚመጣ አንድ ታላቅ ፍሰት ይበቃል ይላሉ። መነሻው ከ660 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ግን ጉዞው የታወቀ ነው። ዓለቱ በታችኛው ማንትል ሳለ አብዛኛው ብሪጅማናይት ነው። ቀልጦ አይደለም፤ ጠጣር እንደሆነ እጅግ በዝግታ ይወጣል። ወሰኑን ሲሻገር ማዕድኑ ወደ ሪንግዉዳይትና ወደ መሰሎቹ፣ ከዚያ ወደ ዋድስሌይት፣ ከ410 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ ወደ ኦሊቪን ይለወጣል። ወደ ላይ ተቃርቦ ግፊቱ ሲቀልለት ከፊሉ ይቀልጥና ባዛልት ሆኖ ይፈሳል።

ስለዚህ በካፋ ደጋ ባዛልት ውስጥ ብሪጅማናይት ይገኛል ማለት ስሕተት ነው፤ አይገኝም። ይገኛል ብሎ የሚሸጥ ቢመጣም ሊታመን አይገባም። ትክክለኛው አነጋገር እንዲህ ነው፦ ከሺሺንዳ ሥር፣ እንደ ማንኛውም የምድር ስፍራ ሥር፣ ከ660 ኪሎ ሜትር በታች ያለው ዓለት በአብዛኛው ይህ ማዕድን ነው፤ የኢትዮጵያን ደጋ የገነባው ሙቀትም ከዚያ ጥልቀት እንደመጣ የሚያመለክተው ማስረጃ ጠንካራ ነው።

የእኛ የሰማይ ድንጋዮች

ኢትዮጵያ ከሰማይ ድንጋይ መዝገብ ውጭ አይደለችም። በ1981 በሐረርጌ ጉርሱም የወደቀው ድንጋይ በዓለም አቀፉ የሜትሮራይት መዝገብ በስፍራው ስም ይታወቃል። ከጠረፋችን ብዙም ሳይርቅ፣ በሶማሊያ ሂራን ክልል ኤል አሊ አጠገብ፣ ከ13 ቶን በላይ የሚመዝን የብረት ሜትሮራይት ነበር። አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ያውቁት ነበር፤ ቢላ ይስሉበት፣ በግጥምና በዘፈን ያነሱት ነበር። በ2020 ምንነቱ ተለየ። በ2022 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ኸርድ፣ 70 ግራም ከምታህል ቁራጭ፣ በተፈጥሮ ከዚያ በፊት ያልታዩ ማዕድናት መገኘታቸውን አስታወቀ። አንዱ በስፍራው ስም ኤላሊአይት ተባለ፤ ሁለተኛው የፕላኔቶች ተመራማሪ ለሆነችው ለሊንዲ ኤልኪንስ-ታንተን መታሰቢያ ተሰየመ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ድንጋዩ ራሱ ግን ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ወጥቶ ለሽያጭ ወደ ቻይና እንደተወሰደ ተዘግቧል። ስሙ ለአገሬው ቀረ፤ ድንጋዩ ሄደ። ይህ ለሶማሊያ ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካ ቀንድ ሁሉ ጉዳት ነው፤ የቀረው አካሉ ምን እንደያዘ የመመርመር ዕድል ከተመራማሪዎቻችን ርቋልና።

የቴንሃምና የኤል አሊ መዛግብት ጎን ለጎን ሲነበቡ ፍርዱ አያጠራጥርም። የመጀመሪያው ተለቅሞ፣ ተጽፎ፣ ለሕዝብ በተከፈተ ስብስብ ስለተቀመጠ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የምድርን ዋና ማዕድን አስገኘ። ሁለተኛው ገና ምርምሩ ሳያልቅ ገበያ ወሰደው።

ካፋ ይህን ትምህርት ለመቀበል የተመቸ አገር ነው። የዱር ቡናውን ዋጋ ከደኑ ጋር ጠብቆ ለዓለም አሳይቷል፤ ቦንጋ ላይም ለቡና ታሪክ ሙዚየም ቆሟል። በዚያው ልማድ፣ በሺሺንዳም ሆነ በሌላ ስፍራ ብርሃንና ድምፅ ተከትሎ ድንጋይ ሲወድቅ ያየ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ይጻፍ፤ የወደቀበትን ስፍራ ፎቶ ያንሳ፤ ድንጋዩን ሳይሰብርና ሳያጥብ በንጹሕ ነገር ጠቅልሎ ያኑር፤ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ያሳውቅ። የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶችና መምህራንም ሽማግሌዎች ስለ ሰማይ ድንጋይ የሚያወሱትን ከነዘመኑ ይመዝግቡ። አገራችንም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሕዝብ ቅርስ መሆኑን በግልጽ የሚደነግግ ሕግና ናሙናውን የሚያኖር ብሔራዊ ስብስብ ያስፈልጋታል፤ ይህም የሚቀጥለው ድንጋይ ከመውደቁ በፊት ሊደረግ ይገባል።